ያለ ዋጋ የበላነው ዓሣ

(በዐቢይ ጾም፣ ከማታው ጸሎት በኋላ ለሰንበት ትምህርት ቤት አባላትና ለምእመናን የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፤ እኔ ሰባኪ አይደለሁም። ሙያዬ ሒሳብ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት ገቢና ወጪ ሳስታርቅ ነው። መምህራችን «ስለ ምድረ በዳው ጉዞ አንድ ምሽት አንተ ተናገር» ሲሉኝ ደንግጬ ነበር። እምቢ እንዳልል የሚያከብሩኝ ሽማግሌ ናቸው፤ እሺ እንዳልል ዕውቀቱ የለኝም። ቤቴ ገብቼ ኦሪት ዘኍልቍን ገልጬ ሳነብ ግን አንዲት ቃል አስቆመችኝ። የሒሳብ ሰው ሳይቆምባት የማያልፋት ቃል ናት። የዛሬው ወሬዬ በእሷ ዙሪያ ነው፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁብኝ።

ምዕራፍ 11 ላይ ነው። እስራኤል ከግብፅ ከወጡ ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ጊዜ ሆኗቸዋል። ባሕር ተከፍሎላቸዋል፣ ሕግ ተቀብለዋል፣ መና በየማለዳው ይወርድላቸዋል። ታዲያ አንድ ቀን በየድንኳናቸው ደጃፍ ተቀምጠው አለቀሱ። ልቅሶው የሞተ ሰው ኖሮ አይደለም። ምግብ አምሯቸው ነው። በግብፅ ይበሉት የነበረውን አንድ በአንድ ጠሩት፦ ዓሣው፣ ዱባው፣ በጢኹ፣ ኩራቱ፣ ቀይ ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ። በጾም ሰዓት ይህን መዘርዘሬን ይቅር በሉኝ። ስድስት ዓይነት ነው፤ ባለቤቴ ቅዳሜ ገበያ ስትልከኝ የምታስይዘኝን ወረቀት ነው የሚመስለው። ከዝርዝሩ ውስጥ ግን ዓሣው ላይ ብቻ አንድ ነገር ጨመሩበት። «ያለ ዋጋ እንበላው የነበረውን» አሉ።

ያለ ዋጋ!

እስቲ ይህችን ሒሳብ አብረን እንሥራት። የዚያ ዓሣ ዋጋ ስንት ነበር? ጭቃ ሲያቦኩ መዋል አለበት። ፊቶምና ራምሴ የሚባሉትን ከተሞች ለፈርዖን መገንባት አለበት። ሙሴና አሮን መጥተው «ሕዝቡን ልቀቅ» ባሉ ጊዜ ፈርዖን ምን እንዳደረገ ታስታውሳላችሁ፤ ለጡብ የሚሰጣቸውን ጭድ ከለከለና የጡቡን ቁጥር ግን እንዳለ ተወው። ጭዱን ራሳችሁ ለቅማችሁ አምጡ፣ ጡቡ ግን አንድም አይጉደል። ጡቡ ሲጎድል የተገረፉት ከእስራኤል ወገን የተሾሙት አለቆች ነበሩ። እነዚያ አለቆች ተገርፈው ሲወጡ የተቆጡት በፈርዖን ላይ መሰላችሁ? በሙሴና በአሮን ላይ ነው። ይህቺን ያዙልኝ።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ዓሣው ከየት ወጣ? ከወንዙ። የትኛው ወንዝ? ፈርዖን «የሚወለደውን ወንድ ልጅ ሁሉ ወደ ወንዝ ጣሉት» ብሎ ያዘዘበት ወንዝ። ሙሴ ራሱ ገና የሦስት ወር ሕፃን ሳለ በቅርጫት የተቀመጠው በዚያው ዳር ነው። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች «ያለ ዋጋ በላነው» የሚሉት ዓሣ የወንድሞቻቸው መቃብር ከሆነው ውኃ የተጠመደ ነው። እኔ ይህን ሳስብ መጽሐፉን ከድኜ ተነሣሁ። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ ብያችኋለሁ፤ ብዙ የተሰረዘ መዝገብ አይቻለሁ። የወጪው ዓምድ እንዲህ ሙልጭ ብሎ የተፋቀበት መዝገብ ግን አላየሁም።

ባርነት ሰውን ወደ ኋላ የሚጠራው እንዲህ ነው ብዬ አምናለሁ። መንገዱ ስለከበደን ብቻ አይደለም የምንመለሰው። ትዝታችን ስለሚዋሸን ነው። ጣዕሙን ያስቀርልንና ጅራፉን ይሰርዘዋል። ጥቂት ምዕራፎች አልፋችሁ ወደ 16 ብትሄዱ ነገሩ ብሶ ታገኙታላችሁ። ዳታንና አቤሮን ሙሴ ሲያስጠራቸው «አንመጣም» አሉና ምን ብለው ከሰሱት? ወተትና ማር ከምታፈስሰው ምድር አወጣኸን! ወተትና ማር የምታፈስሰው ምድር ማለት እግዚአብሔር ለአባቶቻቸው የገባው የተስፋ ቃል ነበር፤ የከነዓን ስም ነው። እነሱ ያንን ስም አንሥተው ለግብፅ ሰጡት። ያመለጡበትን እስር ቤት በቃል ኪዳናቸው ስም ጠሩት። ሰው እዚህ ድረስ ሊረሳ ይችላል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ በሰው ታሪክ ተደብቄ እንዳልወጣ።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ትልቅ ነጋዴ ዘንድ እሠራ ነበር። ስሙም ቦታውም ይቅር። ሁለት መዝገብ ነበረን። አንዱ ለመንግሥት የሚታይ፣ አንዱ ለእሱ ብቻ። ሁለቱንም የምጽፈው እኔ ነኝ፤ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ጠረጴዛ። ደመወዜ ጥሩ ነበር። የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ እሱ ይችላል። ለፋሲካ በግ፣ ለገና በግ፣ ለእንቁጣጣሽ አምስት ሊትር ዘይትና ዱቄት እቤቴ ድረስ ይመጣል። እኔም ለሰው ሳወራ «እሱ እኮ ለሰው አሳቢ ነው፤ ሁሉን በነጻ ነው የሚሰጠኝ» እል ነበር። በነጻ! ቃሏን ልብ በሉልኝ።

ስድስት ዓመት አልቆረብኩም። ንስሐ አባቴ ጋ እሄዳለሁ፣ ሌላ ሌላውን እናገራለሁ፣ መዝገቡን አልናገርም። በመጨረሻ አንድ ቀን ተናገርኩ። አባ ብዙ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ በቀኝ እጅህ እያማተብክ በቀኝ እጅህ ትጽፈዋለህ?» አሉኝና ዝም አሉ። በሳምንቱ ሥራዬን ለቀቅሁ።

ስምንት ወር ሥራ አልነበረኝም። ልጆቹን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት አዛወርን። ትልቋ ልጄ የድሮ ጓደኞቿን መንገድ ላይ ስታይ አስፋልት ትሻገር ነበር፤ እኔ እንዳላየሁ እሆናለሁ። ባለቤቴ ለሰፈር ሰው እንጀራ መጋገር ጀመረች። በስድስተኛው ወር ገደማ፣ አንድ ማታ፣ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜያለሁ፤ እሷ ሽንኩርት ታቁላላለች። ዘይት ስላልነበረ በውኃ ነው የምታቁላላው። ጠብ፣ ጠብ እያደረገች፣ እንዳያርባት እያማሰለች። ያ የሽንኩርት ሽታ ራቁቱን ነው፤ ያለ ዘይት የተቁላላ ሽንኩርት የሚያውቀው ያውቀዋል። በዚያች ቅጽበት ስልኬ ጮኸ። የድሮ ጌታዬ ነው። ድምፁ ደግ ነበር። «ወንበርህ እንዳለ ነው፤ ማንም አልተቀመጠበትም። ልጆቹስ?» አለኝ።

ልጆቹስ አለኝ።

እመልስልሃለሁ ብዬ ዘጋሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚያ ሌሊት ያየሁት በጉን ብቻ ነው። በጉን፣ የዘይቱን ጄሪካን፣ የልጄን ዩኒፎርም። ኦዲት መጣ ሲባል ሆዴ ውኃ ሲሆን የነበረውን አላየሁም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቼ የትኛውን ቁጥር የት እንዳስገባሁ በጨለማ የማሰላውን አላየሁም። ሰው ሁሉ ሲቆርብ እኔ ጥግ ይዤ ጫማዬን ሳይ የምቆመውን ስድስት ዓመት አላየሁም። ጠዋት ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷ ምጣዱን እያሰሰች ነበር፤ ቀና እንኳን አላለችም። «በጉ ይታወስሃል። ጉሮሮህ ውስጥ ሲቆም የነበረውስ?» አለችኝ።

ጀግና ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ደውዬ «በቃኝ» ለማለት አቅም አልነበረኝም። ሦስት ቀን ስልኩ ሲጮህ እያየሁ ዝም አልኩ። በአራተኛው ቀን እሱም ተወኝ። ሁለት ወር ቆይቼ የአንድ ዕድርና የሁለት ትንንሽ ሱቆች ሒሳብ ያዝኩ፤ ዘይቱ በጥቂቱ ተመለሰ፤ በጉ አልተመለሰም።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ያለችው ሕግ የገባችኝ ከዚያ በኋላ ነው። ዕብራዊ ባሪያ ስድስት ዓመት ያገለግላል፣ በሰባተኛው ያለ ክፍያ አርነት ይወጣል። ነገር ግን ጌታው ሚስት ሰጥቶት ልጆች ወልዶ ከሆነ ሚስቱና ልጆቹ ለጌታው ይቀራሉ፤ እሱ ብቻውን ይወጣል። እንግዲህ ያ ባሪያ «ጌታዬን፣ ሚስቴንና ልጆቼን እወድዳለሁ፣ አልወጣም» ካለ ወደ በሩ መቃን አስጠግተው ጆሮውን በወስፌ ይበሱታል። ለዘላለም ባሪያ ይሆናል። ወስፌ ስል እናቶች የምትሰፉበትን ማለቴ ነው።

ድሮ ይህን ሳነብ ባሪያው ሰነፍ ይመስለኝ ነበር። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ብዬ አልፈው ነበር። አሁን እንደዚያ አላየውም። ሰውየው ያለው «ሚስቴን እወድዳለሁ» ነው። ክፉ ነገር አልተናገረም። የሚያስረውም ክፉው ነገር ሳይሆን ደጉ ነው። ጌታው በሰጠው ነገር ውስጥ ልቡን አስቀምጧል፤ ሰንሰለቱ በልጆቹ ክፍያና በበጉ ቆዳ ተጠቅልሏል። «ልጆቹስ?» ያለኝ ሰው የያዘው ወስፌ ነበር። ከባሪያው የምለየው በጽድቄ አይደለም፤ በሩ አጠገብ ስደርስ ወደ ኋላ የሳበችኝ ሴት ስለነበረችኝ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ እዋሻለሁ። «ታገሡ፣ ችግር ቅዱስ ነው» የሚል ስብከት አልወድም። የተራበ ሰው ፊት ቆሞ ረሃብን ማመስገን ለጠገበ ሰው ቀላል ነው። መጽሐፉም እንዲህ አይልም። ማራ ላይ ውኃው መራራ ሆኖ ሕዝቡ ባጉረመረሙ ጊዜ እግዚአብሔር ለሙሴ እንጨት አሳየው፤ ጣለበት፤ ውኃው ጣፈጠ። ማንም አልተቀጣም። ቀጥሎ ኤሊም ወሰዳቸው፤ 12 የውኃ ምንጮችና 70 የተምር ዛፎች። እንጀራ ቸገረን ሲሉ መና ሰጣቸው። የጠማው ሰው ጠማኝ ማለቱ ኃጢአት አይደለም። ቁጣው የመጣው መናው በእጃቸው ሳለ ግብፅን የተመኙ ጊዜ ነው። ድርጭት በገፍ መጣላቸው፤ ሥጋው በጥርሳቸው መካከል ሳለ መቅሠፍቱ ወረደ። ያ ቦታ «የምኞት መቃብር» ተባለ። በረሃብ የሞቱ ሰዎች መቃብር ቢሆን ሌላ ስም ይኖረው ነበር።

ስለ መና ደግሞ፣ ከሙያዬ የተነሣ፣ ትንሽ ልቆይ። ሰዎቹ በግብፅ የሠሯቸው ከተሞች፣ ፊቶምና ራምሴ፣ በዕብራይስጡ የማከማቻ ከተሞች ናቸው። ጎተራ ማለት ነው። አስቡት፤ ዕድሜ ልካቸውን የሌላ ሰው ጎተራ ሲገነቡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አምላክ ካወጣቸው በኋላ ያበላቸው ምግብ ደግሞ በጎተራ የማይቀመጥ ነው። ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን አንድ ጎሞር። ብዙ የሰበሰበ አልተረፈውም፣ ጥቂት የሰበሰበ አልጎደለበትም። ያሳደረ ሰው ጠዋት ሲከፍተው ተልቶ ሸቶ ያገኘዋል። በስድስተኛው ቀን ብቻ ሁለት ጎሞር፤ የሰንበቱ አይተላም።

እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ይህን አሠራር መቀበል ይከብደኛል። መጠባበቂያ የሌለው በጀት ነው። በየማታው ባዶ ዕቃ ይዞ መተኛት፣ ጠዋት ይወርዳል ብሎ ማመን። ምድረ በዳው የከበዳቸው በዚህ ይመስለኛል፤ ጸሐዩ፣ እባቡ፣ አሸዋው ሁሉ እያለ። በግብፅ ዱላ ነበረ፤ ነገር ግን ነገ ምን እንደሚበላ ይታወቃል። ባሪያ ስለ ነገ አያስብም፤ ጌታው ያስብለታል። ነጻ የወጣ ሰው ግን በየቀኑ እንደ አዲስ ማመን አለበት፤ የትናንቱ እምነት ዛሬ ይተላል። በእነዚያ ስምንት ወራት የተማርኩት ይህንን ነው፤ ተምሬ ጨርሻለሁ አልልም። ዛሬም ባንክ ቤት ያለችኝን ገንዘብ ሌሊት ሌሊት በልቤ እቆጥራለሁ።

አንዳንዶቻችሁ፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ «እኔ ለቅቄ ከወጣሁ በኋላ ለምን ይመለስብኛል?» ትሉኛላችሁ። ጫት ይሁን፣ መጠጥ ይሁን፣ ሌላም ይሁን፤ ስሙን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ለዚህ የምነግራችሁ አንድ አባት አለን። ሙሴ ጸሊም። ሰኔ 24 ቀን የምናስበው ኢትዮጵያዊው ሙሴ። ባሪያ ነበረ፣ በግብፅ። ጌታው በክፋቱ ተማርሮ አባረረው። የሽፍታ አለቃ ሆነ፤ ገደለ፣ ዘረፈ። በኋላ ወደ ገዳመ አስቄጥስ ሄዶ መነኰሰ። ልብ በሉ፤ አስቄጥስ ያለው እዚያው ግብፅ ነው። የመጀመሪያው ሙሴ ሕዝቡን ከግብፅ ወደ ምድረ በዳ አወጣ፤ ይኸኛው ሙሴ ምድረ በዳውን ግብፅ ውስጥ አገኘው። ካለህበት ከተማ ሳትወጣ፣ ከዚያው ሰፈር፣ ከዚያው ታክሲ መጠበቂያ ሳትርቅ መውጣት ይቻላል ማለት ነው።

አባ ሙሴ ከመነኰሰ በኋላ ወዲያው ዐረፈ? አላረፈም። የድሮው ምኞት ለዓመታት ታገለው። ጾመ፣ ሰገደ፣ አልተወውም። ሌሊት ቆሞ አደረ፣ አልተወውም። እንቅልፉን ሲያጣ ምን ያደርግ ነበር? የሽማግሌ መነኮሳትን እንስራ ከየበአታቸው ደጃፍ በሌሊት እየሰበሰበ፣ ሩቅ ወዳለው ጕድጓድ ወርዶ ውኃ እየሞላ መልሶ ያስቀምጥላቸው ነበር። እነሱ ጠዋት ሲወጡ እንስራው ሞልቶ ያገኙታል። እኔ ይህቺን ታሪክ የምወዳት፣ ትግሉን በትግል ብቻ ስላልታገለው ነው። ወደ ግብፅ ልመለስ የሚለውን እግሩን ለሌላ ሰው ውኃ አስቀዳበት።

አባቶች እንደሚተርኩት አንድ ቀን ተስፋ ቆርጦ ወደ ገዳሙ አባት ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደ። አባ ኤስድሮስም ሊነጋጋ ሲል ይዘውት ሰገነት ላይ ወጡ። ጨለማ ነው። ቆሙ። ምሥራቁ ሳሳ፣ ቀላ፣ ከዚያ የመጀመሪያዋ ጨረር ወጣች። ሌሊቱ በአንድ ጊዜ እንዳልሄደ፣ ብርሃኑም ቀስ በቀስ እንደሚገፋው አሳዩት። በቃ። ሌላ ትምህርት አልጨመሩለትም ይባላል፤ ደግም አደረጉ፤ እኔ ብሆን አንድ ሰዓት እሰብከው ነበር።

ሰዓቴ እያለቀ ነው፤ ዲያቆኑ በዓይን እየነገረኝ ነው። አንዲት ነገር ብቻ ቀረችኝ።

ሕግ ከተቀበሉበት ከኮሬብ፣ በከነዓን ድንበር እስካለችው ቃዴስ በርኔ የ11 ቀን መንገድ እንደሆነ ዘዳግም ላይ ተጽፏል። እነሱ ግን ከነዓን እስኪገቡ 40 ዓመት ቆዩ። ቃዴስ ላይ ደርሰው፣ የላኳቸው ሰላዮች ሁለት ሰው በመሎጊያ የተሸከመው የወይን ዘለላ ይዘው መጥተው፣ ፍሬውን ባይናቸው አይተው፣ «አለቃ ሾመን ወደ ግብፅ እንመለስ» አሉ። ከ20 ዓመት በላይ ከነበሩት ውስጥ ከካሌብና ከኢያሱ በስተቀር ከነዓን የገባ የለም። የገቡት ልጆቹ ናቸው። አብዛኞቹ በምድረ በዳ የተወለዱ ናቸው። የግብፅን ዓሣ አልቀመሱትም፣ ነጭ ሽንኩርቱ ምን እንደሚሸት አያውቁም፣ ከወላጆቻቸው ወሬ በቀር።

ዮርዳኖስን ተሻገሩ። ጌልገላ ሰፈሩ። ፋሲካን አደረጉ። በማግስቱ ምን እንደበሉ ታውቃላችሁ? መጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 5ን ዛሬ ቤታችሁ ገብታችሁ እዩት። የምድሪቱን ፍሬ፤ ቂጣና ቆሎ። ያን ሁሉ ዓመት ተጉዘው፣ በወላጆቻቸው ልቅሶ መካከል አድገው፣ ከገቡባት አገር ፍሬ የመጀመሪያው ማዕዳቸው ቂጣና ቆሎ ነበር። በማግስቱም መናው ቆመ።

ትልቋ ልጄ፣ ያቺ አስፋልት ትሻገር የነበረችው፣ ዛሬ ከኋላ ተቀምጣለች። የራሷ ልጆች አሏት። በጉን ታስታውሺያለሽ ወይ ብዬ በቀደም ጠየቅኋት። «የቱን በግ?» አለችኝ።

እናቶች ገብስና ሽንብራ ቆልተው በር ላይ አስቀምጠዋል። ስትወጡ ዘግናችሁ ሂዱ።